አዘዞ ሙዝ ማብሰያ ክፍል ለተከራየኸው ወንድሜ፦ ካርባይዱን ተወው

«ከአርባ ምንጭ ጥሬ ሙዝ ላስመጣ ነው፤ አዘዞ ክፍል ተከራይቻለሁ። ለጥምቀት እንዲደርስልኝ ለአንድ ኩንታል ስንት ካርባይድ ልጨምር?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ። ምንም አትጨምር። እኔ ማንንም ሳልጠይቅ ገብቼበት ከስሬ የወጣሁ ሰው ነኝና ታግሰህ አንብበኝ።

1ኛ. ካርባይድ የበያጅ ዕቃ ነው። እርጥበት ሲነካው አሴቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሙዝ የሚያበስለው ግን ኢትሊን ነው፤ ፍሬው ራሱ የሚሠራው ጋዝ። አሴቲሊን የእሱ ደካማ አስመሳይ ነው። ቆዳውን ቢጫ ያደርግልሃል፤ ጣዕሙ ግን የለም። ይባስ ብሎ የብየዳው ካርባይድ አርሴኒክና ፎስፊን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሙዙን የሚበላው ደግሞ የሰው ልጅ ነው።

2ኛ. ኢትሊን በሲሊንደር ልግዛ ብለህ ቢሮ ለቢሮ አትንከራተት። እኔ አንዱ ጋ ሄጄ ግማሽ ቀን ተሰልፌያለሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቴን አየና «ፌስታል ልታመርት ነው?» አለኝ። ሙዝ ላበስል ነው ስለው ሳቀ። ከኋላዬ የተሰለፉትም ሳቁ። «ጋዝ ከሆነ ማደያ ሂድ» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። እስካሁን ያበሽቀኛል። ኋላ ሳነብ ግን ስለ ፌስታሉ አልተሳሳተም። ፋብሪካዎች የነዳጅ ውጤትና የተፈጥሮ ጋዝ ከ800 ዲግሪ በላይ አግለው ኢትሊን ያወጣሉ። እሱ ሲቀጣጠል፣ ማለቴ እርስ በርሱ ሲያያዝ፣ ፖሊኢትሊን ይሆናል፦ ፌስታል፣ ጀሪካን፣ የውሃ ቱቦ። ሙዙ የሚሠራውና ፋብሪካው የሚሠራው አንድ ጋዝ ነው። ይህን ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

3ኛ. ሙቀት። እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው።

ጋዙን ሳጣ የላምባ ምድጃ አስገባሁ። ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ በደንብ ያልነደደ ጭስ ውስጥ ትንሽ ኢትሊን አለ። (ተክል ይህን ጋዝ እንደሚሰማ የታወቀውም በመብራት ጋዝ ሰበብ ነው። በፈረንጆቹ 1901 ኔልዩቦቭ የሚባል ሩሲያዊ ተማሪ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ያበቀለው አተር ለምን እንደሚጣመም ሲፈልግ ነው የደረሰበት።) የበሩን ስንጥቅ ሁሉ በፌስታል ጠቅጥቄ ሁለት ቀን ዘጋሁት። ስከፍተው ራሴን አዞረኝ። ሙዙ ከላይ አረንጓዴ ነው፤ ስነካው ግን ቡኮ። ክፍሉ ሲግል ውስጡ ይለሰልሳል እንጂ ቆዳው አረንጓዴውን አይለቅም። በዚያ ላይ ሙዝ ይተነፍሳል። የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲታፈን የኢትሊኑን ሥራ ያግደዋል።

ደነገጥኩ። የተረፈውን ላድን ብዬ ምድጃውን አወጣሁና በርና መስኮቱን ከፍቼ አሳደርኩት። ያጠፋኝ ይሄ ነው። የጎንደርን የጥር ሌሊት ታውቀዋለህ፤ ጋቢ እንኳ አይበቃውም። ሙዝ የቆላ ልጅ ነው። ከ13 ዲግሪ በታች ብርዱ ይመታዋል። ጠዋት ምንም አልታየኝም ነበር። በሦስተኛው ቀን ቆዳው አመድ መሰለ። እንዲህ ከሆነ በኋላ የዓለም ጋዝ ቢመጣ አይመልሰውም። 18 ኩንታል! የከተራ ዕለት ሰው ታቦት አጅቦ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ፣ እኔ ሙዝ ለከብት አድላቢ አስጭን ነበር።

አከራዬ ትልቅ ሴት ናቸው። ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ እኛ ማንጎ ጤፍ ውስጥ ቀብረን ስናበስል ማን ጋዝ ሰጠን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፍሬው የራሱን ኢትሊን ያወጣል፤ ጤፉ አያስወጣውም።

ቁጥሩ ጠፋኝ፤ አሁን የማደርገውን ልንገርህ። በየክምሩ መሃል የበሰለ ዘለላ እሸጉጣለሁ። የእሱ ጋዝ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል፤ ጎረቤቱም በተራው ያወጣል። ግድግዳ ላይ ቴርሞሜትር አለኝ፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ። ቆዳው እንዳይጨማደድ ወለሉን በውሃ አረጥባለሁ። ጠዋትና ወደ ማታ፣ ብርዱ ሳይገባ፣ በሩን ለግማሽ ሰዓት ከፍቼ እዘጋለሁ። ሳምንት አካባቢ ይፈጃል፤ ቀንህን ከጥምቀት ወደ ኋላ ቁጠር። ማዕዘኑ ገና ስል የሆነውን ሙዝ አትቀበል፤ ያለ ዕድሜው የተቆረጠን ምንም አያጣፍጠውም። ጎመን አብረህ አታስቀምጥ፣ ይገረጣል። ሎሚና ብርቱካን በዚህ መንገድ አይበስሉም።

ምናልባት ሲሊንደሩ ከተገኘልህ፣ ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 100 እጅ ይበቃል። 2.7 በመቶ ከደረሰ እሳት ይይዛል፤ ስለዚህ ምድጃና ሲጋራ እዚያ ክፍል አይግቡ።

ባለፈው ጥምቀት ፒያሳ ያሉ ሁለት ጭማቂ ቤቶች ከእኔ ነው የወሰዱት። ቅዳሜ ገበያ ላይ «የማይጠቁረው ሙዝ» ይሉኛል፤ ልኩራ እንጂ!

ካርባይዱን ገዝተህ ከሆነ ለበያጆች መልሰህ ሽጠው። ዛሬውኑ ግን ከዚያ ክፍል አውጣው፤ ወለሉን ልታረጥብ ነውና።