እውናዊ ልቦለድ ሁሉ እውነተኛ ታሪክ ነውን?

ጥያቄ፦ በሥነ ጽሑፍ ሂሶች ላይ «ሮማንቲክ»፣ «ሪያሊስት»፣ «ናቹራሊስት» የሚሉ ቃላት ይደጋገማሉ። ሪያሊስት ወይም እውናዊ ልቦለድ ሲባል በእርግጥ የተፈጸመ ታሪክ ማለት ነው? ሮማንቲክስ የፍቅር ታሪክ ነው? አንዱ ሃያሲ ሪያሊስት ያለውን ደራሲ ሌላው ናቹራሊስት ሲለውስ የትኛውን እንቀበል?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎችዎ መልስ «አይደለም» ነው። እነዚህ ስያሜዎች ደራሲው ሰውንና ዓለምን በምን ዓይን እንዳየ ይነግሩናል እንጂ፣ ታሪኩ መፈጸም አለመፈጸሙን አይነግሩንም።

አንድ ትዕይንት እንውሰድ። ባሏ የሞተባት ሴት መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች፤ ውጪ ይዘንባል። የሮማንቲሲዝም ደራሲ ዝናቡን ከእንባዋ ጋር ያዋሕደዋል፤ ሰማዩ አብሯት ያለቅሳል፣ ነፋሱ ስሟን ይጠራል። በሪያሊስቱ እጅ ግን ዝናቡ ዝናብ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ ሴትዮዋ ባልዲ ታስጠጋለች፤ ከሟቹ ኮት ኪስ ያገኘችውን ገንዘብ ትቆጥርና ለቤት ኪራይ እንደማይበቃ ስታውቅ እንደገና ትቆጥራለች። ኀዘኗ የሚገባን በዚያ ሁለተኛ ቆጠራ ነው፤ ደራሲው «አዘነች» ማለት አያስፈልገውም። ናቹራሊስቱ ደግሞ ምክንያት ፍለጋ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ አባቷ ጠጪ ነበር፣ ያደገችበት ሰፈር በሽታና ችጋር የማይለየው ነው። እጇን ወደ ጠርሙሱ ስትሰድ፣ ከዘር የወረሰችውና ኑሮዋ የገፋት እንደሆነ አድርጎ ያሳየናል። ሦስቱም ፈጠራ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱም በእርግጥ የተፈጸመ አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የተባለ መጽሐፍ አጻጻፉ ፍጹም ሮማንቲክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እውናዊ»ን ለአጻጻፉ፣ «እውነተኛ»ን ለድርጊቱ ብንለይ ብዙ ክርክር ይቀርልናል።

«ሮማንቲክ» ላይ ያለው መደናገር የመጣው ቃሉ በዕለት ንግግራችን ከፍቅር ጋር ስለተጣበቀ ነው። ሮማንቲሲዝም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአውሮፓ ሲነሣ ለስሜት፣ ለምናብ፣ ለተፈጥሮና ለግለሰቡ ነጻነት ቅድሚያ የሰጠ ንቅናቄ ነው፤ ፍቅር ከርእሶቹ አንዱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 የታተመው የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» የዚሁ ዘመን ሥራ ነው፤ ታሪኩ ግን በራሱ ፍጡር ስለሚሳደድ ሰው ነው። እኔ የምመክረው፣ የፍቅር ታሪክ ሲሆን «የፍቅር ልቦለድ» ማለትን፣ ንቅናቄውን ስንጠቅስ ደግሞ «የሮማንቲሲዝም ደራሲ» ብሎ ሙሉውን መጻፍን ነው።

ሪያሊዝም የገነነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። በ1855 ሠዓሊው ጉስታቭ ኩርቤ ፓሪስ ላይ ሥዕሎቹን ለብቻው ሲያሳይ ዐውደ ርእዩን «ሪያሊዝም» አለው። በ1857 ጉስታቭ ፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ» በተባለው ልቦለዱ የሕዝብን ግብረ ገብና ሃይማኖትን ነክተሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ በኋላም በነጻ ተለቀቀ። ዐቃቤ ሕጉን ካስቆጡት ነገሮች አንዱ በመጽሐፉ ውስጥ ባለታሪኳን የሚኮንን ሰው አለመኖሩ ነበር። ለእኔ የሪያሊዝም ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ደራሲው ያሳያል፣ ፍርዱን ለአንባቢው ይተዋል። የሚገርመው ግን ፍሎቤር ራሱ ሪያሊስት መባልን ይጠላ ነበር።

ይህም ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ያመጣናል። ስያሜውን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሃያሲው ነው፤ ድንበሩም የጠራ አይደለም። ናቹራሊዝም ከሪያሊዝም የወጣ ነው፤ ፈረንሳዊው ደራሲ ኤሚል ዞላ በ1880 ባሳተመው ድርሰቱ የሕክምና ተመራማሪውን የክሎድ ቤርናርን የሙከራ ዘዴ ወደ ልቦለድ ሊያመጣ ሞክሯል። ስለዚህ ሁለቱም ሃያስያን ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። መለየት ከፈለጉ ገጸ ባሕርያቱ ውሳኔ ላይ የሚደርሱበትን ምዕራፍ መልሰው ያንብቡ። ሌላ መንገድ መምረጥ ይችሉ ነበር ብለው ካመኑ፣ በእጅዎ ያለው ሪያሊዝም ነው። ዘርና አካባቢ አስቀድመው ወስነውላቸው ከሆነ፣ ናቹራሊስት ያለው ሃያሲ የተሻለ ማስረጃ አለው።