የግል ክሊኒኮች የወባ ሪፖርት ለምን አይልኩም? ከሁለቱም ወንበር ያየሁትን ልንገርሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በወረዳሽ አምስት የግል ክሊኒክና ሦስት መድኃኒት ቤት አለ። ደብዳቤ ተጽፎላቸው የሳምንቱን የወባ ሪፖርት የሚልክልሽ አንዱ ብቻ ነው። አለቃሽ «ፈቃዳቸውን እናግድና ያኔ ይመጣሉ» ብሏል። «ይሠራል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ባየሁት አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ቆላ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ወደ መንግሥት ገብቼ ያንቺኑ ሥራ፣ ሪፖርት ልመናውን ማለቴ ነው፣ አራት ዓመት ይዣለሁ።

መጀመሪያ ክሊኒኩን እንይ። የእኛ አካባቢ የሰሊጥ አገር ነው። አጨዳ ሲደርስ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ልክ የለውም። ቀን እርሻ ላይ ነው፤ ሲያንቀጠቅጠው የሚመጣው ማታ ወይም እሁድ ነው። በዚያ ሰዓት ጤና ጣቢያው ውስጥ ተረኛ ብቻ ነው ያለው። እኛ ግን እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ክፍት ነን። ሰውየው መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ በነጻ እንደሚሰጥ አጥቶት አይደለም። ግማሽ ቀን ወረፋ ከያዘ የቀን ሂሳቡ ይቀርበታል። ስለዚህ ከፍሎ እኛ ጋ ይታከማል። ጥቅምት ላይ በቀን አርባ ስላይድ (የደም ናሙና) በማይክሮስኮፕ ያየሁበት ጊዜ ነበር። ማታ ዓይኔን ስጨፍን እንኳ የፋልሲፓረም፣ የከባዱ ወባ ጥገኛ፣ ቀለበት ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ወረዳው ስንቱን ያውቅ ነበር? አንዱንም።

ባለቤቱ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ደብዳቤው ሲመጣ «ይህን ቁጥር ገቢዎች አያየውም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የታማሚ ቁጥር ማለት ለእርሱ የገቢ ቁጥር ነው። ለጤና ጽሕፈት ቤት የላከው ወረቀት ዞሮ የግብር ወረቀት እንዳይሆንበት ይፈራል። ይህን ፍርሃት ወረዳ ላይ የተቀመጠ ሰው አያስበውም፤ እኔም ወረዳ ከገባሁ በኋላ ረስቼው ነበር።

ሌላም አለ። ይሄኛውን ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም። ላብራቶሪው «የለም» ብሎ እየጻፈ ካርዱ ላይ «ወባና ታይፎይድ» ተብሎ መርፌ የሚታዘዝበት ክሊኒክ አለ። እኔ በሠራሁበትም ነበር። ታማሚው ከፍሎ መጥቶ «ምንም የለብህም» ሲባል ይናደዳል፣ ወደ ጎረቤት ክሊኒክ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ክሊኒክ ስንት ተመርምሮ ስንቱ ተገኘበት፣ ስንቱስ ታከመ ብለሽ ስትጠይቂው ሦስቱ ቁጥሮች አይገጥሙለትም። ስለዚህ ዝም ይላል። ፈቃድ አግድሃለሁ ብትይው ደግሞ ዝም አይልም፤ የሚገጥም ቁጥር ጽፎ ይልክልሻል። እኔ እንዲህ ያለ ሪፖርት ተቀብያለሁ። በየሳምንቱ 12፣ 11፣ 12፣ 13። ወባ በዚህ ዓይነት ሥርዓት ስትመላለስ አይቼ አላውቅም።

ሪፖርት የሌለበት ጉዳቱ የገባኝ በአንድ አጋጣሚ ነው። ገና ክሊኒክ እያለሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ፋልሲፓረም አገኘሁ። ሁሉም ወጣት ወንዶች ናቸው። በወሬ ወሬ ስጠይቃቸው ሁሉም የሚያድሩት አንድ ቦታ ነው፤ አዲስ መስኖ የሚቆፈርበት ካምፕ። አጎበር የለ፣ በር የለ፣ ውሃው ደግሞ በየጉድጓዱ ተኝቷል። ለማን ልንገር? የማውቀው ሰው አልነበረም። ለባለቤቱ ነገርኩት፣ «የመመርመሪያ ኪት በደንብ አስገባ» አለኝ። ከወር በኋላ በሽታው አጠገብ ያለው ቀበሌ ገባ። ያኔ የወረዳው ሰዎች «በድንገት የተነሳ» አሉት። ለእነርሱ በእርግጥም ድንገት ነበር።

ስለዚህ ከቁጥር በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ «ታማሚው ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት ነው ያደረው?» አድራሻው አይደለም፤ ያደረበት። ፋልሲፓረም የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው ትንኟ ከነከሰችው ከ10 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ነው። የጎንደር ልጅ መታወቂያው ላይ ጎንደር ተብሎ ይጻፋል፤ የተነከሰው ግን ካምፕ ውስጥ ነው። ቁጥር ብቻ ከሰበሰብሽ መድኃኒት ለመበጀት ይጠቅምሻል። ወባን ተከታትሎ ለማጥፋት ግን ትንኟ ያለችበትን ማወቅ አለብሽ። አገራችን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. አጠፋለሁ ብላ አቅዳ እያለ በ2024 በአሥር ወር ውስጥ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ታማሚ ተመዝግቧል። በወረዳሽ ሪፖርት የማይልኩት ክሊኒኮች ያዩት ደግሞ ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው።

አሁን ማንም ሳያስጠነቅቀኝ የገባሁበትን ጉድጓድ ልንገርሽ። ወረዳ ከገባሁ በኋላ ለምኜም ተለማምጬም ሦስት ክሊኒኮች መላክ ጀመሩ። ደስ ብሎኝ ከጤና ጣቢያው ቁጥር ጋር ደመርኩት። በሁለተኛው ሳምንት የወረርሽኝ መስመሩን፣ ቁጥሩ ሲያልፈው ወረርሽኝ ተነሳ የሚባልበትን፣ አለፈ። ዞን ተደወለ፣ መኪና መጣ፣ ስብሰባ ተጠራ። ወረርሽኝ ግን የለም! መስመሩ የሚሠራው ካለፉት አምስት ዓመታት ቁጥር ነው፤ በዚያ ውስጥ የግል ክሊኒክ አልነበረም። የዛሬውን ትልቅ ድምር ከድሮው ትንሽ ድምር ጋር ነበር የማወዳድረው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የግሉን ለብቻው መስመር ላይ አስቀምጪው። እያንዳንዱን ክሊኒክ ከራሱ ያለፈ ወር ጋር አወዳድሪ። ድምሩን ለዞን ስትልኪም ከየት እንደመጣ ጻፊበት። እኔን ያሳፈረኝ አንቺን እንዳያሳፍርሽ።

ስለ ቫይቫክስ፣ ስለ ሌላው የወባ ዓይነት፣ ደግሞ። የግል ክሊኒክ ክሎሮኪን ይሰጣል፤ ፕሪማኪን ግን ገበያ ላይ ስለማያገኝ ይተወዋል። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል፣ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን አይነካም፤ ያንን የሚገድለው ፕሪማኪን ነው። ሰውየው ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደ አዲስ ታማሚ ይቆጠራል፣ በመሃሉም ጥገኛውን ለትንኟ ያቀብላል። የ14 ቀኑን ፕሪማኪን ክሊኒኩ ውስጥ ካላስገባሽ ስትቆጥሪ ትኖሪያለሽ። የጂ6ፒዲ ጉድለት (በዘር የሚወረስ የደም ኢንዛይም እጥረት) ያለበት ሰው በፕሪማኪን ደሙ ሊሟሟ ስለሚችል ግን መድኃኒቱን ከነሥልጠናው ስጪ።

ኪቱም ነገር አለው። ክሊኒኮች የሚገዙት ገበያ ላይ ያገኙትን ነው። ኤችአርፒ2 የሚባለውን ፕሮቲን ብቻ የሚፈልግ ኪት አንዳንድ ፋልሲፓረም ያመልጠዋል፤ ፕሮቲኑን የሚሠራውን ጂን ያጣ ጥገኛ በአገራችን ሰሜንም ጋምቤላም ተገኝቷል። መንግሥት የሚጠቀምበትን ኪት በነጻ ብትሰጫቸው ሁለት ነገር ታገኛለሽ፦ የሚታመን ውጤት፣ እና የተሰጠውን ኪት ለማወራረድ የሚመጣ ሪፖርት። እኔን ያወጣኝ ይኸኛው ነው። አስር ኪት ወስዶ አስሩን ያላወራረደ ሌላ አስር አያገኝም። ማስፈራሪያ የለ፣ ደብዳቤ የለ። ለቲቢ በግል ክሊኒኮች መድኃኒት በነጻ እየተሰጠ ሲመዘገብ ዓመታት አልፈዋል። አለቃሽ «አይቻልም» ካለሽ ያንን ጥቀሺለት።

ውጭ አገር ምን አደረጉ ለሚል፣ ስሪላንካ የሚጠቅመን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወባ ነጻ መባሏ ተረጋግጦላታል። እዚያ የግል ሆስፒታል ወባ ሲያገኝ መድኃኒቱን የሚያገኘው ከመንግሥት የወባ ፕሮግራም ነው፣ በነጻ። ስለዚህ ለመድኃኒቱ ሲል ይደውላል። ካምቦዲያ በተቃራኒው በ2018 ግሉ ወባ እንዳያክም ከለከለች። ለእርሷ በየመንደሩ የሚመረምሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሯት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለሚያንቀጠቅጠው የእርሻ ሠራተኛ ሌላ በር ሳትከፍቺ የአንቺን ክሊኒክ ብትዘጊው ሰውየው ወዴት ይሄዳል? መድኃኒት ቤት ሄዶ ሳይመረመር የወባ መድኃኒቱን «ኳርተም ስጠኝ» ይላል።

መድኃኒት ቤቶቹን ለጊዜው ተያቸው። ምን ያህል ኳርተም እንደሸጡ ብቻ በሳምንት አንዴ ጠይቂ። ሽያጩ ዘሎ ላብራቶሪዎቹ ዝም ካሉ የሆነ ነገር አለ።

የምትጀምሪው እንዲህ ነው። ከአምስቱ ብዙ ታማሚ የሚያየውን አንዱን ምረጪ። ባለቤቱን ሰላም በይና ቁጥሩ ከጤና ጽሕፈት ቤት እንደማይወጣ በጽሑፍ ስጪው፤ አለቃሽ ይፈርምበት። ከዚያ ቀጥታ ወደ ላብራቶሪው ልጅ ሂጂ። መዝገቡ ያለው እርሱ ጋ ነው። ስልክሽን ስጪው። «ከአንድ ቦታ ሦስት ሰው ከመጣብህ ሰኞን አትጠብቅ፣ ደውልልኝ» በይው። የመዝገቡን ፎቶ በቴሌግራም እልካለሁ ካለሽ ስሞቹን በወረቀት ሸፍኖ ያንሳ። ሲደውልልሽ ደግሞ ሄደሽ ያየሽውን መልሰሽ ንገሪው። የእኔው የላብራቶሪ ልጅ የጠቆመኝ ካምፕ አጎበር እንደደረሰው ከነገርኩት በኋላ ሳልጠይቀው መደወል ጀመረ።

የምጠቀምበት ቅጽ አንድ ገጽ ነው፣ ስድስት ዓምድ አለው። ከፈለግሽ ፎቶውን እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ጽሑፌን ማንበብ ከቻልሽ ነው እንግዲህ።