መኪናው የት ደረሰ? ከፋብሪካ ኤስዩቪ አዘው ለሚጠብቁ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ አዝዤ ስምንት ወር ጠብቄያለሁ። የተባልኩት ግን "በሦስት ወር ትረከባለህ" ነበር። በእነዚያ ወራት መኪና ከፋብሪካ እስከ ታርጋ በምን በምን እንደሚያልፍ ሳልወድ በግዴ ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ ከደብረ ሲናም ከመሐል ሜዳም የሚጠብቁ ሰዎች ይደውሉልኛል። ዛሬ ጥያቄያችሁን እዚሁ እመልሳለሁ። ጠይቁ።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ አራት ወር ሞላኝ። በደወልኩ ቁጥር "ፋብሪካ ላይ ነው" ይሉኛል። እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ "የሻንሲ ቁጥሩን ስጡኝ" በላቸው። ሻንሲ ቁጥር መኪናው ሲሠራ የሚሰጠው መለያ ነው። ፊደልና ቁጥር ተደባልቆ 17 ነው። እሱ ከሌለ ያንተ የሚባል መኪና ገና አልተሠራም ማለት ነው። ወይ ትዕዛዙ ወረፋ ላይ ነው፣ ወይ የውጭ ምንዛሪው አልተገኘም፣ ወይ ገንዘቡ ጭራሽ አልተላከም። ሦስቱ በጣም ይለያያሉ። የትኛው እንደሆነ ለይተው ይንገሩህ።

ቁጥሩ ካለ አሥረኛዋን ምልክት ተመልከት። በቻይና መኪኖች ላይ የሞዴል ዓመቱን የምትናገረው እሷ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር አር (R) 2024፣ ኤስ (S) 2025፣ ቲ (T) 2026 ናት። የ2025 ከፍለህ አር ከመጣችብህ ገና መኪናው መርከብ ላይ ሳለ ታውቃለህ ማለት ነው።

ከዚያ "ተጭኗል ወይ?" ብለህ የመርከብ ጭነት ሰነዱን ጠይቅ። ቀጥሎ ጅቡቲ ነው። ከጅቡቲ በጋላፊ ይገባል። ከዚያ ጉምሩክ፣ ዲክላራሲዮን፣ ታርጋና ሊብሬ ይከተላሉ። እኔ አምስት ወር ሙሉ "ፋብሪካ ላይ ነው" ስባል ኖሬ ሻንሲ ቁጥር የጠየቅኩ ዕለት ስልኩ ላይ ዝምታ ሆነ። ቁጥሩ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ መጠበቁ ሰለቸኝ። ደረሰኙ ላይ "ቀብድ" ይላል። ትቼው ገንዘቤን ልውሰድ?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ እንዳትቸኩል። "ቀብድ" እና "ቅድመ ክፍያ" አንድ አይደሉም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት፣ በውሉ ሌላ ካልተስማማችሁ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በንዴት "ትቼዋለሁ" ብለህ ከጻፍክ ውል አፍራሹ አንተ ትሆናለህ።

መጀመሪያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጣቸው። ቀን ቁረጥላቸው፣ ቅጂው ላይ አስፈርም። የስልክ ጭቅጭቅ ነገ ማስረጃ አይሆንህም። ገንዘቡ ቀላል አይደለምና ውሉን ለጠበቃ አስነብብ። ለዚያ የምትከፍለው ከምታጣው ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ "ዶላር ስለጨመረ ጨምር" ተባልኩ። ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ መልሱ ያለው ውልህ ላይ ነው። ዋጋው በብር ተቆርጦ ከተጻፈ የተቆረጠው ነው። "በርክክብ ዕለት ምንዛሪ ይሰላል" የሚል ካለበት ግን ፈርመህበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህች አንዲት መስመር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ብር ልታስከፍል ትችላለች። ገና ያልፈረማችሁ፣ ፈልጋችሁ አንብቧት።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ መከራ ከማየት የነዳጅ መኪና ማዘዝ አይሻልም ነበር?

መልስ፦ ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። አዲስ የግል ኤስዩቪ ከውጭ ማዘዝ ካማራችሁ ኤሌክትሪክ ነው።

ጥያቄ (አዲስ አበባ፣ መኪና መሸጫ ውስጥ የምትሠራ የአንጎለላ ልጅ)፦ ደንበኞች ሲቆጡ እኔም እጨነቃለሁ። መርከቡን እኔ አልነዳው። ከኛ በኩል ምን ቢደረግ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለጠየቅሽ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከሻጭ ወገን ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ሰው መዘግየትን ይችላል። እኛ የገብስ አገር ሰዎች ነን፣ የበልግ ዝናብ ሲዘገይ ሰማይ እያየን ያደግን። የሚያቅተን ዝም መባል ነው። በየሁለት ሳምንቱ አርብ አርብ አጭር መልእክት ላኪ። "ለውጥ የለም" የሚል ቢሆንም ላኪው። ሻንሲ ቁጥሩ የወጣ ዕለት ሳይጠየቅ ይላክ። ቀን ስትነግሪ ቁርጥ ያለ አንድ ቀን አትንገሪ። "ከዚህ እስከዚህ" በይና በምን ሊዘገይ እንደሚችል ጨምሪበት።

የርክክቡ ቀን ደግሞ የብቻው ነገር ነው። የኔን ልንገርሽ። "ና ውሰድ" ሲሉኝ ከደብረ ብርሃን በመጀመሪያው መኪና ተነስቼ ጠዋት ደረስኩ። "እየታጠበ ነው"፣ "ወረቀቱ እየተፈረመ ነው" ሲሉኝ ዋሉ። ቁልፉ እጄ የገባው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ስገባ ባትሪው 23 በመቶ ይላል። ስክሪኑ በሙሉ የቻይና ጽሑፍ ነው። ልጁ "ስትነዳው ትለምደዋለህ" ብሎኝ ሄደ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም ሽቅብ። በ23 በመቶ አይደረስም። ቤት ዳቦ ተደፍቶ፣ ቡና ተቆልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አደርኩ። እናቴ ዳቦውን ሳታስቆርስ በነጠላ ሸፍና አሳደረችው።

ያን ቀን ለማዳን የሚያስፈልገው አንድ ሌሊት ቻርጅ ላይ ማሳደር ብቻ ነበር። ስለዚህ ደንበኛው ከየት እንደሚመጣ ጠይቂ። ከሩቅ ለሚመጣ ጠዋት አስረክቢ፣ ባትሪውም ሞልቶ ይደር። የስክሪኑን ቋንቋ ቀድመሽ ቀይሪ። የማይቀየር ከሆነ ከመሸጡ በፊት ንገሪው። አንድ ሰዓት አብረሽው መኪናው ውስጥ ተቀመጪ። እንዴት ቻርጅ እንደሚሰካ ራሱ ሰክቶ ያሳይሽ፣ አንቺ ብቻ አታሳዪው። ከሳምንት በኋላም ደውይለት። ይህን ያደረገ ድርጅት ቢኖር እኔ ራሴ በየቀበሌው እየዞርኩ አወራለት ነበር።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ የፊታችን ሳምንት ልረከብ ነው። ምን ምን ልይ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ! በብርሃን ተረከብ። ቀለሙን ፀሐይ ላይ አስወጥተህ ጎንበስ ብለህ በአግድም እይ። ጣራውን ሰው ይረሳዋል፣ አንተ በርጩማ ላይ ቆመህ ተመልከት። ሻንሲ ቁጥሩን ከፊት መስታወቱ ሥር አንብበህ ከዲክላራሲዮኑና ከሊብሬው ጋር አስተያይ። አንድ ፊደል ብትዛባ ቦሎ ላይ ትቸገራለህ።

ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር ታገኛለህ። 3524 ካለ በ2024 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱንም እየዞርክ አንብብ። የኔ ሦስቱ ተቀራራቢ ነበሩ። አራተኛው የሁለት ዓመት ታላቃቸው ሆኖ ተገኘ። "ጎማ ያው ጎማ ነው" አሉኝ። አልፈርምም አልኩ፣ ቀየሩልኝ። ንፋሱንም አስለካ። ለጉዞ ተብሎ ከልክ በላይ ተነፍቶ ሊመጣ ይችላል። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ላይ ተጽፏል።

ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ አስለካ። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም እሷ ከደከመች መኪናው አይነሳም። በመርከብና በወደብ ወራት ሲቆም የምትደክመውም እሷ ናት። ፍሬን ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ብታይ ግን አትደንግጥ። ጥቂት ነድተህ ፍሬን ስትይዝ ይጠፋል።

ሁለተኛ ቁልፍ፣ የቻርጅ ገመድ፣ ክሪክ ቁጠር። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ስኮርታ ጎማ የላቸውም። በምትኩ ንፋስ መሙያና ማጣበቂያ ፈሳሽ ይሰጡሃል። ፈሳሹ ለምስማር ቀዳዳ ይሆናል። ድንጋይ ጎኑን ለቀደደው ጎማ ግን አይሠራም። ለመንዝ መንገድ ስኮርታ ለብቻህ ግዛ ብዬ እመክርሃለሁ።

ጉድለት ካገኘህ ርክክብ ወረቀቱ ላይ በእጅህ ጻፈው፣ ከዚያ ፈርም። ሕጉም ገዢ ሲረከብ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል።

ጥያቄ (አንድ አባት፣ ደብረ ብርሃን)፦ ልጄ፣ ልጆቼ አዘውልኛል። ይህ የባትሪ መኪና ውርጩንና የጣርማ በርን ዳገት ይችላል?

መልስ፦ ይችላል ጋሼ። ብቻ ጠባዩን ይወቁለት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ውጭ ካደረ ጠዋት ባትሪው ይቀዘቅዛል። ቻርጅ ለመቀበል ይዘገያል፣ የሚሄደውም ርቀት ያጥራል። ቢቻል ጣራ ሥር ያሳድሩት። ሳይነሱ በፊት ገና ከሶኬቱ ጋር እንደተያያዘ ያሙቁት።

ዳገቱን በቁጥር ልንገርዎ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል 1,280 ሜትር ገደማ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ባትሪው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሆነ ስድስተኛው እጅ ሄደ ማለት ነው። ይህ ለጥ ባለው መንገድ ከሚበላው ሌላ ነው። ከሸዋ ሮቢት ሲመለሱ ሂሳብዎን በኪሎ ሜትር ብቻ አይሥሩ።

ሲወርዱ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተው ወደ ደብረ ሲና ሲያቆለቁሉ መቶኛው ከፍ ሲል በዓይንዎ ያዩታል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሳየው ማመን አቃተኝ። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለ ጫናው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት ቻርጅ ላድርገው?

መልስ፦ በተራው ሶኬት አይሁን እህቴ። ከቆጣሪው የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ግራውንድ ይኑረው። በ16 አምፔር 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 17 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በ32 አምፔር ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ማታ ሰክተሽ ጠዋት ትነሺያለሽ። ለ32 ከሆነ ባለ 6 ካሬ መዳብ ሽቦ ይዘርጋልሽ፣ መጀመሪያ ግን ቆጣሪሽ መቻሉን መብራት ኃይል ጠይቂ። ይህን ሁሉ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ጨርሺ። ከመጠበቂያው ጊዜ የሚገኝ ጥቅም ቢኖር ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ዋስትናውስ?

መልስ፦ ማን እንደሰጠው ጠይቅ፤ ፋብሪካው ነው ወይስ አስመጪው? ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና በሌላ ነጋዴ በኩል ሲመጣ የፋብሪካው ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ አብሮት አይመጣም። የአስመጪው ከሆነ የባትሪው ዓመትና ኪሎ ሜትር፣ የሚጠገንበትም ቦታ በወረቀት ይስፈር። በአፍ የተሰጠ ዋስትና አትቀበል።

ጥያቄ (እኒያው አባት)፦ ሐሙስ ውሰድ ብለውኛል። ልጆቼ ውጭ ናቸው። እኔ ይህን ሁሉ አይቼ አልጨርስም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ ጋሼ። ረቡዕ ስልክ ደውለው ባትሪው ሞልቶ እንዲያድር ይንገሯቸው፣ የነገሩትንም ሰው ስም ይያዙ። ሐሙስ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከበርዎ እወስድዎታለሁ። የጎማ ንፋስ መለኪያና የባትሪ መለኪያ እኔ ጋ አለ። መነጽርዎንና የውሉን ዋና ቅጂ አይርሱ። ለቤት ደግሞ ዳቦው ለምሳ ይድረስ ብለው ይንገሩ።