«ዩአይ ዲዛይነር» ስንት ሰው ነው?

የዛሬዋ ጠያቂዬ የባሕር ዳር ልጅ ናት። የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተማሪ፣ አራተኛ ዓመት። «ኮድ መጻፍ እሺ አላለኝም» ትላለች። ዲዛይን ግን ትወዳለች፤ ለዘመድ የሠርግ ጥሪ፣ ለሰፈሯ ካፌ ሜኑ ሠርታለች። በቅርቡ ቴሌግራም ላይ «ዩአይ ዩኤክስ ዲዛይነር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ (ዩአይ የአፕና የድረ ገጽ ገጽታ፣ ዩኤክስ የተጠቃሚው ልምድ ማለት ነው) አየችና ደስ አላት። ዝርዝሩን ስታነብ ደስታዋ ጠፋ። ፊግማ (የስክሪን መንደፊያ ሶፍትዌር)፣ የተጠቃሚ ጥናት፣ ሎጎ፣ የፌስቡክ ፖስተር፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ኤችቲኤምኤል፣ ሪአክት። «ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ ነው? እኔስ የቱን ልያዝ?» ብላለች።

እህቴ፣ አትደንግጪ። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ የተጻፈ ነው። ሪአክት የፕሮግራመር ሥራ ነው። ቪዲዮና ፖስተር የማርኬቲንግ ነው። እነሱን አውጥተሽ ብታዪው ግን የቀረውም አንድ ሥራ አይደለም። ዩአይ ዲዛይነር ሰው ስክሪን ላይ የሚያየውን፣ የሚያነበውንና የሚነካውን የሚወስን ሰው ነው። ሦስቱም የተለያየ ችሎታ ይፈልጋሉ። አንቺ እስካሁን የያዝሽው የመጀመሪያውን ነው።

ስለሚታየው ብዙ አልልሽም፤ ሜኑ የሠራ ሰው ስለ ቀለምና ስለ ክፍተት ያውቃል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ስልክ ፀሐይ ላይም ይነበባል። ነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ላፕቶፕሽ ላይ ያምራል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ለቆመ ሰው ግን የለም ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በተራ ጽሑፍና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር ይጠይቃል። ሌላው የራሳችን ፊደል ነው። ካፒታል ሌተር የለንም፤ ርዕስን የምትለዪው በመጠንና በውፍረት ነው። ፊደሉ በጣም ሲያንስ ደግሞ «ቁ» እና «ቂ» ይመሳሰላሉ። ለእንግሊዝኛ የተመረጠውን መጠን እንዳለ አትውሰጂው።

አሁን ወደሚነበበው እንምጣ። ብዙ ጀማሪ «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው፤ እኔ ደግሞ ትልቁ የሥራ ዕድል ያለው እዚህ ነው ባይ ነኝ።

ወደ ሙያ ምክር ከመግባቴ በፊት ሶፍትዌር በሚሠራ አንድ ቢሮ ነበርኩ። የሱቅ ዕቃ መቆጣጠሪያ አፕ ሠራንና መርካቶ ጨርቅ የሚሸጡ አንዲት እናት ጋ ይዘን ሄድን። ሴትየዋ ዕቃ ሲመዘግቡ ቆዩና አንዱን ሁለት ጊዜ እንዳስገቡት አዩ። ለማጥፋት ነኩት። አንድ ሳጥን ብቅ አለ፤ «ይሰረዝ?» ይላል። ከሥሩ ሁለት በተኖች አሉ። አንዱ «ሰርዝ»፣ ሌላው «እሺ»። ሴትየዋ ጣታቸውን አየር ላይ አንጠልጥለው ቀሩ። «ልጄ፣ የቱ ነው የሚሰርዘው?» አሉኝ። እኔም ወዲያው መመለስ አቃተኝ።

የሆነው ግልጽ ነው። እንግሊዝኛው «አጥፋ» ለማለትና «ተወው» ለማለት ሁለት ቃል አለው። ተርጓሚያችን ሁለቱንም በ«መሰረዝ» ተረጎማቸው፤ የላይኛው «ይሰረዝ?» «ይጥፋ?» ማለት ሲሆን፣ በተኑ ላይ ያለው «ሰርዝ» ግን «ተወው» ማለት ነው። ስለዚህ «ሰርዝ»ን ስትነኪ ምንም አይሰረዝም! ቀለሙ ያምር ነበር፣ በተኖቹም ልክ ነበሩ፣ ግን ማንም ቃሉን እንደ ዲዛይን አላየውም። በኋላ «ዕቃው ይጥፋ» እና «ዕቃው ይቆይ» ብለን ቀየርነው። ከዚያ ወዲህ የጠየቀን ሰው የለም።

እንዲህ ያለ ጣጣ በአማርኛ ሞልቷል። በተን ላይ «ላክ» ብትዪ ወንድ ነው፤ «ላኪ» ብትዪ ሴት። «ይላኩ» ያከብራል፤ ግን ይረዝማል፣ ትንሿ በተን ውስጥ አይገባም። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ላይ «ይምረጡ» ብሎ ቀጣዩ ላይ «ላክ» የሚል አፕ አሁን አክብሮኝ አሁን የሚያዘኝ ሰው ይመስለኛል። ፎርም ላይ ደግሞ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ታገኛለሽ፤ እኛ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። የልደት ቀን ሲጠየቅ 12 ወር ብቻ ተደርድሯል፤ በጳጉሜን የተወለደው ምን ይሁን? ቀጠሮው «3:00» ካለ ጠዋት ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ? እነዚህን ቀድሞ የሚያስብ ሰው ነው ዲዛይነር።

የሚነካው ክፍል ከሁሉም በላይ መታዘብ ይጠይቃል። ለበተን መጠን መመሪያ አለ፤ ለምሳሌ ጉግል ለአንድሮይድ የሚመክረው ቢያንስ 48 በ48 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) ነው። ሰው የት እንደሚደናገር ግን መመሪያ አይነግርሽም። ቁጭ ብለሽ ማየት ነው። ስክሪኖቹን ወረቀት ላይ ሣያቸው፣ ለአንድ ሰው ስጪ፣ በጣቱ እንዲነካ አድርጊ፣ አንቺ ወረቀቱን እየቀያየርሽ ዝም በይ። ያኮብ ኒልሰን የሚባለው የዘርፉ ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 ለአንድ ዙር ሙከራ 5 ሰው እንደሚበቃ ጽፏል። አምስት ሰው ደግሞ ዶርም ውስጥም አይጠፋም። የተሻለ የሚሆነው ግን ከዶርም ወጥተሽ የካፌዋ ባለቤት ላይ ብትሞክሪው ነው። የክፍልሽ ልጆች ላንቺ ሲሉ ገባን ይላሉ።

ስለ ኮዱ ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ (የአፕል ኮምፒውተር) ላይ ያሉትን አይከኖች የሠራችው ሱዛን ኬር የመጣችው ከሥነ ጥበብ ነው። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ አንድ አንድ ካሬ እየሞላች ነው የነደፈቻቸው። ስለዚህ ፕሮግራመር መሆን ግድ አይደለም። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ (ድረ ገጽ የሚሠራባቸው ቋንቋዎች) ግን ለመግባባት ያህል ተማሪ። ዲዛይነር በድርጅቱ ባለቤትና በዴቨሎፐሩ መካከል ያለ አስተርጓሚም ነው። ባለቤቱ «ቀለል ይበል» ይላል፣ ዴቨሎፐሩ «ስንት ፒክሰል?» ይላል። ዴቨሎፐሩ የሚናደደው ያማረውን ስክሪን ብቻ ሰጥተሽው ስትሄጂ ነው። ዝርዝሩ ባዶ ሲሆንስ? ኔትወርክ መሀል ላይ ሲቆረጥስ? ብር የሚልክ አፕ ከሆነ ሰውየው ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ብሩ ሄደ ወይስ አልሄደም? «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ጽሑፍ ለዚህ መልስ አይደለም። ይህን ስክሪን ሳይጠይቅሽ ሠርተሽ ብትሰጪው ዴቨሎፐሩ ወዳጅሽ ይሆናል።

ስለዚህ የቱን ልያዝ ላልሽው፦ ሪአክቱን እለፊው። ፊግማን ተማሪ፤ ለተማሪዎች በነፃ የሚሰጡት አካውንት አለ፣ በብራውዘርም ይሠራል። ፖስተሩንና ሎጎውን ለኪስ ገንዘብ ያህል ሥሪ፤ ፖርትፎሊዮሽን (የሥራ ማሳያሽን) ግን አትሙዪበት። ብዙ ልጅ የታወቀ አፕ ወስዶ ቀለሙን ቀይሮ «ሪዲዛይን» ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ አሠሪ አይቶ ያልፈዋል። አንቺ የካፌዋን ሜኑ ወደ ስልክ ማዘዣ ቀይሪው። የመጀመሪያውን ንድፍ፣ አምስቱ ሰዎች የተደናገሩበትን ቦታ፣ ከዚያ የቀየርሽውን አሳዪ። የወረቀቱን ንድፍ ፎቶ አንሺው፤ ቡና የፈሰሰበትም ቢሆን ግድ የለም።

ለዚያ ማስታወቂያም አመልክቺ። ከሰባቱ ሁለቱ፣ ፖስተሩና ሎጎው፣ አሉሽ፤ ሰባቱም ያሉት ሰው እንደማይመጣ እነሱም ሳያውቁት አይቀሩም። ኢንተርቪው ላይ አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ከሳምንቱ ስንት ቀን አፕ ላይ፣ ስንት ቀን ፖስተር ላይ ነው የምሠራው?» መልሱ አራት ቀን ፖስተር ከሆነ የሚፈልጉት ግራፊክ ዲዛይነር ነው። ብሩ ካስፈለገሽ ግቢ፤ ግን አውቀሽ ግቢ።

ሥራሽን አሳዪን ሲሉሽ ስላይድ አትክፈቺ። የካፌውን ፕሮቶታይፕ (የሚነካ መሞከሪያ ንድፍ) ስልክሽ ላይ ክፈቺና ለጠያቂው ስጪው። «አንድ ማኪያቶ ይዘዙልኝ» በዪው። ከዚያ ዝም ብለሽ ጣቱን እዪ፤ የቆመበት ቦታ ካለ ማስታወሻሽ ላይ ጻፊው።