ደረጃው ስንት ሳንቲ ነው? ስለ መግቢያና ራምፕ (በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ሕይወቴን ሙሉ ግንባታ ላይ ነው የሠራሁት። ላለፉት 11 ዓመታት ደግሞ ዊልቸር ላይ ሆኜ። ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አደራ የምላችሁ፣ ስለ ደረጃ የምትጠይቁ ከሆነ ቁመቱን ለክታችሁ ኑ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ልጄ 14 ዓመቷ ነው፤ ዊልቸር ትጠቀማለች። በራችን ሦስት ደረጃ አለው፣ 45 ሳንቲ። ግንበኛው 2 ሜትር ራምፕ ይበቃል ይላል።

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። ለክተሽ መምጣትሽ ግን ደስ ብሎኛል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ለ1 ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት። 45 በ12 ሲባዛ 540 ነው። 5 ሜትር ከ40 ማለት ነው። በ2 ሜትር ከተሠራ ልጅሽ በራሷ ክንድ አትወጣውም፤ ስትወርድ ደግሞ ወደ ፊት ልትደፋ ትችላለች። ግቢው ከጠበበ ራምፑን መሐል ላይ እጠፉት። የሚታጠፍበት ቦታ 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል ሜዳ ይሁን። በሩ ፊት ለፊትም ያንኑ ያህል ሜዳ ተዉ። አለበለዚያ በሩን ስትከፍት ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ጠርዙ ጎማ እንዳያመልጥ ከፍ ያለ፣ መደገፊያው ብረት በሁለቱም በኩል ወደ 90 ሳንቲ ገደማ።

ሴራሚክ እንዳታስነጥፊ! እብነ በረድም እንዲሁ። ሐምሌ ሲገባ ሳሙና ነው የሚሆነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ወደ ጎን ይጫር፣ በቃ። ብዙ ሕንፃ ላይ የማየው ራምፕ የሚያብረቀርቅና አቀበቱ የበዛ ነው። የተሠራው ለወረቀት እንጂ ለሰው አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። የሚመች ነው ያለው። የማይወጣ ራምፕ አይመችም።

የመታጠቢያ ቤቱንም በር ለኪ። ተከፍቶ ቢያንስ 80 ሳንቲ ማሳለፍ አለበት፤ አከፋፈቱም ወደ ውጭ ይሁን። ውስጥ ብትወድቅ ማን ገፍቶ ይከፍታል?

ከባሕር ዳር፦ ራምፕ ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ቁመቱስ? ሳይለካ ዋጋ የለም።

ከአዲስ አበባ፦ በቀረጥ ነፃ ስለሚገባ መኪና ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ይህን ጉምሩክንና ማኅበራችሁን ጠይቁ። መመሪያ ይለዋወጣል፤ በወሬ ገንዘብ አትክፈሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለአባቴ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ልልክ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። እዚህ መብራቱ 220 ቮልት ነው፤ 110 ብቻ የሚል ከሆነ ይቃጠላል። የኤሌክትሪክ ዊልቸር ከባድ ነው፤ ሚኒባስ ላይ አይጫንም። አባትሽ ኮብልስቶን ሰፈር ከሆኑ በእጅ የሚገፋ፣ አየር የሚሞላ ጎማ ያለው ይሻላቸዋል። ሲተነፍስ ጎሚስታ ይሠራዋል። ጥሩ መቀመጫ ትራስ ግን አትርሺ። ብዙ ከመቀመጥ የሚመጣ ቁስል ከወንበሩ የበለጠ ያስቸግራል።

ከሐዋሳ፦ የእድራችን አዳራሽ ደረጃ አለው። አንድ አባላችን ዊልቸር ይጠቀማል። እኛ ወጣቶቹ ተሸክመን እናስገባዋለን። ራምፕ የግድ ነው?

መልስ፦ ልባችሁ ቅን ነው። ግን እሱን ጠይቃችሁታል? እኔን ለቅሶ ቤት አራት ሰው ተሸክሞ አስገባኝ። ከዚያ ሽንቴ መጣ። ለመውጣት አራቱን ከሐዘንተኛ መሐል መጥራት ነበረብኝ። ሦስት ሰዓት ቻልኩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ለቅሶ አልደረስኩም። ጎረቤት «ኮራ» አለኝ። ደረጃውን ለኩ።

ከጎንደር፦ ይቅርታ፣ ይህ የፈረንጅ አስተሳሰብ ነው። እኛ መደጋገፍ ባህላችን ነው።

ሌላ አባል፦ መደጋገፍ ከሆነ ራምፕ መሥራትም መደጋገፍ ነው። ደግሞ ነገሩ ዊልቸር ብቻ አይደለም። እኔ መስማት የተሳነኝ ነኝ። እድር ስብሰባ ላይ የተወሰነውን የሚጽፍልኝ የለም። ቅጣት እንዳለብኝ የማውቀው ከወር በኋላ ነው።

ሌላ አባል፦ እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ባንክ ሄጄ «ምስክር አምጣ» ተባልኩ። ስልኬ ሁሉን ያነብልኛል፣ ዲግሪ አለኝ።

ከጎንደር፦ እሱ እኮ ለጥበቃ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 የዓይነ ስውር ፊርማ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል።

ዓይነ ስውሩ አባል፦ ጥበቃው እኔን ሳይሆን ባንኩን ነው የሚጠብቀው። ሕጉ የ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሚያነብ ስልክ አልነበረም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ቁም ነገር ነው ያነሳችሁት። ግን ለሕግ ባለሙያ የሚቀርብ ነው፤ እኔ አልፈርድም። የእድሩን ውሳኔ በወረቀት መጻፍ ግን ባለሙያ አይፈልግም። ነገ ጀምሩት።

ከአዲስ አበባ፦ በኮንዶሚኒየም ዕጣ 4ኛ ፎቅ ደረሰኝ። ክራንች እጠቀማለሁ፤ ሊፍት የለውም።

መልስ፦ ምድር ቤት እንዲቀየርልህ በጽሑፍ አመልክት፤ የሐኪም ማስረጃ አያይዝ። ቁልፍ ከመረከብህ በፊት አድርገው። የማመልከቻውን ቅጂ ያዝ።

ከደሴ፦ ለሱቄ ራምፕ ላሠራ ነው። በግምት ስንት ይፈጃል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ተመልሷል። ለካ! ሳትለካ ሲሚንቶ አትግዛ። ሜትር ከሌለህ ከግንበኛ ተዋስ።

ከድሬዳዋ፦ ሥራ ተፈትኜ አለፍኩ። አካል ጉዳተኛ መሆኔን ሲያዩ ተዉኝ።

መልስ፦ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ መብት የወጣውን አዋጅ 568/2000ን አንብቢ። አድልዎ ደረሰብኝ ካልሽ፣ አለማድላቱን የማስረዳት ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። ውጤት የተለጠፈበትን ፎቶ አንሺ።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ለክተን መጣን። 32 ሳንቲ ነው።

መልስ፦ 3 ሜትር ከ84። ከፊት ለፊት ካልበቃ በግድግዳው ጎን ውሰዱት። አባላችሁን ጠየቃችሁት?

ከሐዋሳ፦ ነገ እንጠይቀዋለን።

መልስ፦ አሁን ደውሉለት። በየት በኩል እንደሚመቸው እሱ ያውቃል።