ቤቱን ሳያፈርሱ መሠረቱን በስክሪው ፓይል ማጠናከር

ወንድሜ፣ የቤትህ አንድ ጥግ እየሰመጠ፣ ከመስኮቱ ማዕዘን የተነሳ ሰያፍ ስንጥቅ እያወጣ መሆኑን ጽፈሃል። ሳይፈርስ በስክሪው ፓይል፣ ማለትም እየተሽከረከረ መሬት ውስጥ በሚገባ የብረት ምሰሶ፣ ይዳናል ወይ ነው ጥያቄህ። ብዙ ጊዜ ይዳናል። ሥራው ላይ ስላለሁ ያየሁትን ልንገርህ።

በቅድሚያ ስንጥቁ ላይ ትንሽ ጂፕሰም ለጥፍና ቀን ጻፍበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየሄደ ነው። ቀጥሎ ውኃውን ፈልግ። የሚያፈስ ቧንቧ ወይም መሠረቱ ሥር የሚደፋ አሸንዳ ካለ፣ እሱን ሳታስተካክል ፓይል ማስገባት ገንዘብ መቅበር ነው።

ፓይሉ ታችኛው ጫፉ አካባቢ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠመዘዘ ሰፊ ምላስ ያለው የብረት ዘንግ ነው። አዲስ ነገር እንዳይመስልህ፤ አሌክሳንደር ሚቸል የተባለ ዓይነ ስውር የአየርላንድ መሐንዲስ በ1833 እ.ኤ.አ. ፓተንት አውጥቶበታል። መሠረቱ አጠገብ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ፓይሉ በሃይድሮሊክ ሞተር እየተሽከረከረ ይገባል፤ ሲያጥር ሌላ ዘንግ በብሎን ይቀጠልበታል። ጉድጓዶቹን ግን በአንዴ አታስከፍት፤ በየተራ ይሁን።

ሞተሩ ሲሠራ ዓይንህ የሚያዞርበትን ጉልበት ከሚያሳየው ጌጅ አይነቀል። አፈሩ እየጠነከረ ሲሄድ ለማዞር የሚፈለገው ጉልበት ማለትም ቶርኩ ይጨምራል፤ መሐንዲሱ ፓይሉ የሚሸከመውን የሚገምተው ከዚህ ነው። «6 ሜትር ገብቷል፣ በቃ» የሚልህን አትስማ። ሌላም አለ፦ በአንድ ዙር ፓይሉ የምላሱን እርምጃ፣ ማለትም በጥምዙ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ከፍታ፣ ያህል መውረድ አለበት። እዚያው ከተሽከረከረ አፈሩን እያቦካው ነው፤ የጌጁ ንባብም አያስተማምንም።

ከዚያ መሠረቱ ሥር የብረት መያዣ ይገባና በክሪክ ጭነቱ ወደ ፓይሉ ይዛወራል። እዚህ ላይ ሰው ይስገበገባል፤ ቤቱ እንደ ድሮው እስኪስተካከል ይነሳልኝ ይላል። እኔ አልደግፍም። ሲነሳ ቧንቧ ይሰበራል፣ አዲስ ስንጥቅ ይመጣል። መስመጡ ከቆመ ይበቃል፤ የቀረውን ልስን ይሸፍነዋል።

ትልልቅ ድንጋይ የበዛበት መሬት ላይ ግን አያዋጣም፤ ምላሱ ይጣመማል። የሚያብጥ ጥቁር አፈር ከሆነ ምላሱ እርጥበቱ ከማይለዋወጥበት ጥልቀት በታች መድረስ አለበት። ብረቱም እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ (ጋልቫናይዝድ) ይሁን።

የእያንዳንዱን ፓይል የጥልቀትና የቶርክ መዝገብ ሳትረከብ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቅ።