የጊታር አንገት፦ ውፍረቱ ወይስ ትከሻው?

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ጊታር መጫወት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከዚያ በፊት የምጫወተው በቦክስ ጊታር ነበር። እጄ ትንሽ ስለሆነ «አንገቱ ቀጭን የሆነውን ግዛ» ተብዬ በጣም ቀጭን አንገት ያለው ጊታር ገዛሁ። ፈጣን ዜማ ስጫወት ይመቸኛል፤ ኮርድ ይዤ ግማሽ ሰዓት ስቆይ ግን የአውራ ጣቴ ሥር ያመኛል። የሚገርመው፣ የጓደኛዬን ወፍራም አንገት ያለውን ጊታር ስጫወት ሕመሙ የለም። የተሰጠኝ ምክር ስሕተት ነበር? ሲ፣ ዲ፣ ቪ እያሉ የሚጠሩት የአንገት ዓይነትስ ምንድን ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምክሩ ፈጽሞ ስሕተት ባይሆንም ግማሹን ብቻ የያዘ ነው። እነዚህ የእንግሊዝኛ ፊደላት (C፣ D፣ U፣ V) የሚያመለክቱት አንገቱ በመጋዝ አግድም ቢቆረጥ የቁራጩ ፊት የሚያሳየውን ቅርጽ ነው። ሲ የሚባለው ጀርባው ለስለስ ብሎ የጎበጠ ነው፤ ዲ ጀርባው ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ዩ ጎንና ጎኑ ሞልቶ እንደ ቆመ ግድግዳ የሚወርድ ነው፤ ቪ ደግሞ መሐል ጀርባው ላይ ሸንተረር የመሰለ ጠርዝ ያለው ነው። እጅዎ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው በጀርባውና በፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ አግድም የተቀበሩት ቀጫጭን ብረቶች) ሰሌዳ ጠርዝ መካከል ያለውን ክፍል፣ ማለትም ጊታር ሠሪዎች ትከሻ የሚሉትን ነው። በመጀመሪያው ፍሬት ላይ እኩል 21 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካላቸው ሁለት ጊታሮች አንዱ ሲ፣ ሌላው ዩ ቢሆን፣ ዓይኑን ጨፍኖ የያዛቸው ሰው ዩ የሆነው እጅግ ይወፍራል ብሎ ይምላል። እኔም ከዓመታት በፊት አንድ ጊታር በመለኪያ ቁጥሩ ብቻ ተማምኜ ገዝቼ፣ ቤት ወስጄ ስይዘው የሌላ ሰው ጫማ ያጠለቅሁ ያህል ተሰምቶኛል።

አሁን ወደ ሕመምዎ እንመለስ። አንድ የብር ኖት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ ግማሽ ሰዓት መያዝና የውኃ ብርጭቆ በሙሉ መዳፍ ጨብጦ ያንኑ ያህል መቆየት አንድ አይደሉም። አንገቱ በጣም ሲቀጥን አውራ ጣትና የቀሩት ጣቶች ይቀራረቡና ሥራው ሁሉ የሚወድቀው በአውራ ጣት ሥር ባለው ጡንቻ ላይ ነው። በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ኤፍ ኮርድ ሲይዙ፣ ሌባ ጣትዎ ስድስቱንም ክር ለመጫን ሲዘረጋ፣ አውራ ጣትዎ ከበስተጀርባ እንዴት እንደሚገፋ ልብ ይበሉ። ሞላ ያለ አንገት መዳፉን ስለሚደግፍ ቁንጠጣው ይቀንሳል። የጓደኛዎ ጊታር የተመቸዎት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ቅርጾቹ የመጡት ከየዘመኑ አሠራርና አጨዋወት ነው። በአንገቱ ውስጥ የሚቀበረው የብረት ዘንግ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጊብሰን የጊታር ፋብሪካ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ የክሩን ጉተታ የሚቋቋመው በአመዛኙ የእንጨቱ ውፍረት ነበር። የፌንደር ጊታሮች በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወፍራም ነበሩ፤ በአሥርቱ አጋማሽ ቪ ቅርጽ ያዙ፤ ወደ 1960 ሲቃረቡ ቀጠኑ። የጊብሰን ሌስ ፖልም በ1959 ክብና ሙሉ የነበረው አንገቱ በ1960 ሳስቷል፤ ፋብሪካው ዛሬም ሁለቱን የ50ዎቹና የ60ዎቹ ብሎ ለይቶ ይሸጣል። የአይባኔዝ ፋብሪካ «ዊዛርድ» የተባለው አንገት በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ ጉዳዩ ፍጥነት ብቻ ሆነ፤ በመጀመሪያው ፍሬት ላይ እንደ ዓይነቱ ከ17 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍር፣ ጀርባው የተጠፈጠፈ አንገት ነው። አውራ ጣታቸውን ከአንገቱ ጀርባ መሐል ላይ አስቀምጠው ለሚጫወቱ ሰዎች ይህ ድንቅ ነው። እንደ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ አውራ ጣቱን በላይ አሻግሮ ስድስተኛውን ክር ለሚጫን ግን ቪ ይሻለዋል፤ ሸንተረሩ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ቦታ ላይ ልክ ይገባልና። በጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ስም የሚሠራው የፌንደር ስትራቶካስተር ለስለስ ያለ ቪ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ለትንሽ እጅ ከውፍረቱ ይልቅ የክሩ ርዝመት (ሲመታ የሚርገበገበው ክፍል) የሚያመጣው ልዩነት ይበልጣል ባይ ነኝ። የፌንደር የክር ርዝመት 648፣ የጊብሰን ደግሞ 628 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ የተነሣ ክሮቹ ከሚያርፉበት ከአንገቱ የላይኛው ጫፍ እስከ አራተኛው ፍሬት ያለው ርቀት በጊብሰን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ትንሿ ጣት ይህን ወዲያው ታውቀዋለች። የሰሌዳው ጉብጠትም ይታይ። የድሮ ፌንደር ሰሌዳ በ184 ሚሊ ሜትር ራዲየስ የጎበጠ ስለሆነ ኮርድ ለመያዝ ይመቻል፤ ነገር ግን ክሮቹ ወደ ሰሌዳው በጣም ዝቅ ካሉ፣ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ክር ገፍተው ሊያስለቅሱ ሲሉ ክሩ ቀጣዮቹን ፍሬቶች ነክቶ ድምፁ ይሞታል። በ305 ሚሊ ሜትር ራዲየስ በተሠራው፣ ማለትም ጠፍጠፍ ባለው የጊብሰን ሰሌዳ ላይ ይህ ችግር እምብዛም አያጋጥምም።

ስለዚህ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት የክሮቹን ከፍታ በባለሙያ ያስተካክሉ፤ ክሩ ከሰሌዳው ከራቀ የትኛውም አንገት ያሳምማል። ከገዙ ደግሞ የክር ርዝመቱ አጠር ያለ፣ ሲ ቅርጽ ያለው፣ በመጀመሪያው ፍሬት 21 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነውን ይሞክሩ። ሱቅ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተቀምጠው ኮርድ ብቻ ይጫወቱ፤ ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች። ሕመሙ ጊታሩን ካስቀመጡ በኋላም የሚቀጥል ከሆነ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ በ1960ዎቹ የተሠራ የፌንደር አንገት አገኘሁ፤ ጫፉ ላይ «ቢ» የሚል ፊደል ታትሞበታል። ይህ ምን ዓይነት ቅርጽ ነው? (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ቅርጽ አይደለም። በዚያ ዘመን ፌንደር ከጊታሩ አካል ጋር በሚገጠመው የአንገቱ ጫፍ ላይ ያተመው ፊደል የሚናገረው በላይኛው ጫፍ ስላለው ስፋት ነው፤ ኤ 38፣ ቢ 41፣ ሲ 44፣ ዲ 48 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእርስዎ የተለመደው ስፋት ነው። «ሲ ስለተጻፈበት ሲ ቅርጽ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ሰውዬው ራሱ አልገባውም።

ጥያቄ፦ እጄ ሲያልበው የጊታሬ አንገት ይጣበቅብኛል። ቅርጹ ይሆን? (አንባቢ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ቅርጹ ሳይሆን የሚያብለጨልጨው ቨርኒሽ ነው። ጊታሩ አዲስና ተራ ከሆነ የአንገቱን ጀርባ ብቻ በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አሽተው ብልጭታውን ማደብዘዝ ይችላሉ፤ እስከ እንጨቱ አይዝለቁ። ያረጀና ዋጋ ያለው ጊታር ከሆነ ግን አይንኩት። በደቃቅ የሽቦ ሱፍ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ፒካፖቹን (ከክሮቹ ሥር ያሉትን ድምፅ ተቀባይ ማግኔቶች) በፕላስተር ይሸፍኑ፤ ማግኔቱ የሳበው የሽቦ ብናኝ ከውስጡ አይወጣልዎትም።